በባዶ እግሬ ያገኘሁት ድንጋይ

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግሪስሃይም ላይ መውረድ ረሳሁ። ተኝቼ አይደለም፤ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ እያየሁ ነው ኤስባኑ፣ የከተማችን ባቡር፣ ይዞኝ ያለፈው። ፎቶው ላይ አሮጌ የእንጨት መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ለጎብኚ የሚታደሉ እጥፍ ወረቀቶች ተሰልፈዋል፤ የእንግሊዝኛው፣ የፈረንሳይኛው፣ የጀርመንኛው፣ የሆላንድኛው። በስተቀኝ ጫፍ ላይ ደግሞ አምስተኛ ወረቀት አለ፤ ፊደሉ ከሩቅ የሚለይ፣ የኛው ፊደል። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፎቶውን የላኩልኝ ሚስስ ፔጅ ናቸው። እንግሊዝ አገር ዊክልተን በምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ አንድ በጣም የቆየ ቤተክርስቲያን ይጠብቃሉ። ከፎቶው ሥር የጻፉት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ጠዋት በሩ አጠገብ እንዳስቀመጡት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም ሁለቱ እንደተወሰዱ። ሁለቱ! ማን ይሆን የወሰዳቸው? አንብበዋቸው ይሆን ወይስ ፊደሉ ደስ ብሏቸው ብቻ? ይህን እያሰብኩ የሚቀጥለው ጣቢያ፣ ኒድ ላይ ወረድኩ። ወደ ኋላ የሚመልሰኝ ባቡር ስምንት ደቂቃ እንደቀረው ሰሌዳው ይናገራል። እኔ ግን ስምንት ደቂቃ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። ግማሹን እየሮጥኩ፣ ግማሹን ለብቻዬ እየሳቅኩ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

እማዬ ዲንስት ላይ፣ ማለትም ተረኛ ነበረች፤ አረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው። አባዬ የሌሊት ሥራ አድሮ ተኝቷል። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጻይልስሃይም ለሚኖሩት ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ጋሽ ታደሰ የአባዬ የቆየ ወዳጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ለትምህርት ጀርመን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ድልድይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። የአማርኛ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ ያረሙልኝም እሳቸው ናቸው። ዜናውን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጫማዬን ግን ሳትጽፊው ቀረሽ።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ አንድ ገጽ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ወረቀት ፈልጊ።»

ይኸው ፈለግሁ።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለትልቅ ሰው አራት ዓመት ትናንት ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ያቺን ልጅ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፈኛለች እንጂ ሰላም የምትለኝ አይመስለኝም። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሩኝ በጀርመንኛ እመልሳለሁ፤ ክፍል ውስጥ በጀርመንኛ ሲጠይቁኝ ደግሞ በምንም አልመልስም። አፌ ዝም ሲል ግን እግሬ ዝም አይልም። ከጠረጴዛው ሥር ሲወዛወዝ፣ ወንበር ሲያንገጫግጭ ይውላል። መምህራኖቼም ዘመዶቼም «ረድኤት» ካሉ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ቁጭ በይ» ነበር።

በሚያዝያ ብላወ ብሪፍ መጣብን። ሰማያዊ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ግን ነጭ ነው። ልጃችሁ እንዲህ ከቀጠለች ክፍል ትደግማለች ብሎ ወላጅን የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ነው። አባዬ፣ ወተት ባወጣሁ ቁጥር እንዳነበው ብሎ፣ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጠፈው። «እኔ መጋዘን ውስጥ ሳጥን የምሸከመው አንቺ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ እንድትማሪ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳውም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የጣለኝ ታሪክ ነው። የታሪክ መምህሬ ግን አንድ በር ከፈቱልኝ፤ ሬፈራት፣ ማለትም ክፍሉ ፊት ቆሜ የማቀርበው ገለጻ። ርዕሱ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ሕንጻ። ሁለት ነገር አጥብቀው ነገሩኝ፤ ሕንጻውን በገዛ ዓይንሽ ያየሽው ይሁን፣ ከምትነግሪን ውስጥም ቢያንስ አንድ ነገር ኢንተርኔት ላይ የማይገኝ ይሁን። ይህ ከሠመረልሽ አልፈሻል፣ ካልሠመረልሽ ትደግሚያለሽ፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ሌሎቹ ልጆች የከተማችንን ሕንጻዎች ቶሎ ተቀራመቷቸው፤ እኔ አፌን እስክከፍት የቀረ አልነበረም። የማቀርብበት ቀን ደግሞ ከረጅሙ የግንቦት በዓል በኋላ ያለው ማክሰኞ ነበር።

ለዚያ በዓል እንግሊዝ አገር ክርስትና ተጠርተናል። የአክስቴ ልጅ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ነበር። እማዬ ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም፤ አባዬ፣ ጋሽ ታደሰና እኔ በአባዬ መኪና፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረን ሄድን። ሕፃኗ ቅዳሜ ጠዋት ተጠመቀች። የተከራዩት አዳራሽ ሌላ ነገር ስላልነበረው፣ በሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ነው የተጠመቀችው። ተበላ፣ ተጨፈረ። እኔ ከሰው መሃል ሆኜ የማስበው ማክሰኞን ነበር። ደብተሬን ሻንጣዬ ውስጥ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች አደርገዋለሁ፤ የትም ባደርገው ባዶ ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ ለመመለስ ተነሳን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦ ታጥሯል። አባዬ በግራ በኩል መንዳት ስላልለመደ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ትንፋሹን ይውጣል። ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲያባራ ሜዳው በሙሉ በቢጫ አበባ ተሸፍኖ ይታያል፤ ጋሽ ታደሰ ጎመን ዘር ነው አሉ። የተሰጠን ድፎ ዳቦ በፎጣ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ጠፍቷል፣ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ግን መኪናውን ሞልቶታል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ወደቡ በር ላይ መገኘት አለብን። ያ መርከብ ካለፈን የሚቀጥለውም የነገውም ላይ ቦታ የለም ተብሏል፤ ቦታ ከሌለ ደግሞ ማክሰኞም የለም።

ከዛፎቹ በላይ ክብ ግንብ ብቅ ያለው ያኔ ነው። ግራጫ፣ አጭር፣ ወፍራም፤ አናቱ ላይ ትንሽ ባንዲራ።

«አባዬ፣ አቁምልኝ» አልኩ፣ በአማርኛ።

አባዬ አሞኛል ብሎ ነው መሰለኝ በአንድ ጊዜ ዳር ያዘ። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሬፈራቱን፣ የመምህሬን ሁለት ነገር፣ ባዶ ደብተሬን። ግማሹ በጀርመንኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ መጨረሻው በለቅሶ። አባዬ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ወደቡ ደግሞ የሁለት ሰዓት መንገድ። እሁድ ዕለት ሦስት ቀን ሙሉ የተደበቀ ነገር ይነገራል ወይ ብሎ ሊጀምር ሲል ጋሽ ታደሰ ከፊት ወንበር ዞር ሳይሉ፣ «ልጅቷ ቤተክርስቲያን ልሳለም አለች፤ ጥለሃት ልትሄድ ነው?» አሉት። አባዬ ሞተሩን አጠፋ። «አንድ ሰዓት» አለኝ ጣቱን አንስቶ። «አንድ ደቂቃ አትጨምሪም።»

በግቢው መግቢያ ላይ ጣሪያ ያለው የእንጨት በር አለ፤ ደጀ ሰላም ብዬ ብጠራው ሚስስ ፔጅ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። ከበሩ ወዲህ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ቆሟል፤ ጽድ ይመስላል፣ ጽድ ግን አይደለም። ከቤተክርስቲያኑ ራሱ በዕድሜ ይበልጣል የሚሉ አሉ። እኔ በረጠበው ሣር ላይ ሮጥኩ። ጋሽ ታደሰ ግን ግድግዳው ጋ ቆመው በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር። ግድግዳው ቡጢ በሚያክል ባልጩት የተሠራ ነው፣ በኖራ ተለስኖ። ማማው ለምን ክብ እንደሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፤ በዚያ አገር የሚጠረብ ድንጋይ የለም፣ በባልጩት ደግሞ ማዕዘን ማውጣት ያስቸግራል። «ማዕዘን ቢያጡ ክብ አደረጉት። ይሄ ነው ምህንድስና» አሉ። በደቡቡ ግድግዳ በኩል ባለ አንድ ለስላሳ ድንጋይ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ መሃላቸው ላይ እንጨት የሚሰካበት ቀዳዳ። የእንጨቱ ጥላ የጸሎት ሰዓት መድረሱን ይናገር ነበር። እንጨቱ ከጠፋ ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል። የአባዬ ስልክ ግን እኩል ይቆጥራል፤ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ቀረኝ።

በሩ ፊት እንደ ትንሽ ቤት ያለ መጠለያ አለ፤ በሁለቱም በኩል የድንጋይ መቀመጫ። በአንደኛው መቀመጫ ላይ ካርቶኖችና ልብስ የሞላባቸው ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው የሆነ ጽሑፍ ተለጥፏል። እኔ ቸኩያለሁ፤ አላነበብኩትም። ሦስታችንም የምናውቀውን አደረግን። ጫማችንን አወለቅን፣ ከካርቶኖቹ አጠገብ ጥንድ ጥንዱን አስተካክለን ደረደርን። አባዬ እርጥብ ካልሲዬን አይቶ፣ «ይሄን ይዘሽ ልትገቢ ነው?» አለኝ፤ እሱንም አውልቄ ጫማዬ ውስጥ ወሸቅሁት። አባዬ አማተበ፣ የበሩን መቃን ሳመ። ገባን።

ውጭው ግንቦት ነው፤ ከውስጥ ግን ያለፈው ክረምት ገና አልወጣም። ወለሉ እግሬን ነከሰኝ። ሽታው የእርጥብ ድንጋይ፣ የሰምና የአሮጌ መጽሐፍ ነው። በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ የእንግሊዝኛውን ወረቀት አነሳሁና እየሮጥኩ እያነበብኩ፣ ለጋሽ ታደሰ እየጮህኩ መተርጎም ጀመርኩ። ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ የጥምቀት ገንዳ አለ፣ ዙሪያውን አንበሶች ተቀርጸውበታል፤ አፍንጫቸው በልጆች እጅ አልቋል። ጋሽ ታደሰ አንዱን አንበሳ መታ መታ አድርገው የትናንቱን ሰማያዊ ፕላስቲክ አስታወሱኝ፤ «ጸጋው ያው ነው፣ አይዞሽ» አሉ። ከላይ ከጣሪያው ወራጆች ላይ የእንጨት መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው ይወጣሉ። በስተሰሜን ግድግዳ ላይ የአንድ ሥዕል ትራፊ አለ፤ የነጭ ፈረስ ሁለት የፊት እግር፣ የጦር ግማሽ፣ የዘንዶ ጅራት። ሌላው ሁሉ ነጭ ኖራ ነው። እኔ ወረቀቱ ላይ ስፈልግ ጋሽ ታደሰ ቀድመውኝ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጊዮርጊስ» አሉ። እውነትም ጊዮርጊስ ነበር።

ሥዕል የተከለከለበት ዘመን መጥቶ ግድግዳው ሁሉ በኖራ እንደተቀባ ወረቀቱ ይናገራል። ሠራተኞች ግድግዳውን ሲፍቁ ፈረሱ ድንገት ብቅ እስኪል ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። የባሰው ግን ፊት ለፊት ነው። ሕዝቡ ከሚቆምበት ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያሻግረው ቦታ ላይ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ከእንጨት የተፈለፈለ ግርዶሽ አለ። በታችኛው ሰሌዳዎቹ ላይ ቅዱሳን ተሥለዋል፤ የስምንቱም ፊት በስለት ተፍቋል። አባዬ ከመቀመጫው ተነስቶ መጣ። የትኛው ጠላት ነው ይህን ያደረገው ብሎ ጠየቀኝ። አነበብኩለት። ጠላት አይደለም፤ ከላይ ትእዛዝ መጥቶ የመንደሩ ሰዎች ናቸው።

«የራሳቸው ሰዎች?» አለ አባዬ።

ፊቷ ወደተፋቀ አንዲት ቅድስት እጁን ዘርግቶ መለሰው። እኔ ደግሞ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ቀሚሶቻቸውን አልነኩም። የወርቅ አበባው፣ ቀዩ ካባ፣ ጫማው ሳይቀር ትናንት የተቀባ ይመስላል። ቢላዋውን የያዘው ሰው የታዘዘውን ብቻ ፈጽሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሄደ ነው የሚመስለኝ። ስለዚያ ሰው እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከግርዶሹ ወዲያ መንበሩ ይታያል። ሦስታችንም አፋፉ ላይ ቆምን። ለእንግሊዞቹ ገብተው የሚያዩት ክፍል ነው፤ ለኛ ግን መቅደስ መቅደስ ነው፣ ምእመን አይገባበትም። እኔ ደግሞ ማየት አለብኝ። በስተግራ በኩል ያዳነኝን አገኘሁ፤ በወፍራሙ ግንብ ውስጥ በሰያፍ የተበሳ፣ ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ። ድሮ በጎን በኩል የቆሙት ካህኑን አጮልቀው እንዲያዩበት የተሠራ ነው። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ሰኩበት፤ ብዙ ቆዩ።

«ይሄንንስ ለኛ ነው የበሱት» አሉ።

በደስታ ስልኬን አወጣሁና የቤተክርስቲያኑን ስም ጻፍኩ። ወዲያው ሁሉም መጣ። ክቡ ማማ፣ አንበሶቹ፣ የፈረሱ እግር፣ የተፋቁት ፊቶች፣ ቀዳዳዋ ሳትቀር ከነፎቶዋ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል በቃል ኢንተርኔት ላይ አለ። የመምህሬ ሁለተኛ ነገር የለኝም። አባዬ፣ «ሃያ ሁለት» አለ ከአግዳሚው ላይ። የሚቆጥረው ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ልጅ ብትሆን ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እኔ መቀመጥ አልችልም። ከጥምቀቱ ገንዳ እስከ ግርዶሹ፣ ከግርዶሹ እስከ ገንዳው፣ በሰሜኑ መተላለፊያ ላይ እመላለስ ጀመር። መተላለፊያው ላይ ከመረገጥ ብዛት የሳሳ ቡናማ የገመድ ምንጣፍ ተነጥፏል። አባዬ፣ «ኧረ ቁጭ በይ፣ ዞረብኝ» አለ። አልሰማሁትም። ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ምልልሴ ላይ ግራ እግሬ ቆመ። እኔ አላቆምኩትም። ከምንጣፉ ሥር አንድ ነገር ወደ ላይ ይገፋኛል፤ እንደ ጣት ወፍራም የሆነ መስመር። በአውራ ጣቴ ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ይታጠፋል፣ ክብ ይሠራል፣ ክቡ ውስጥ አራት ክንድ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስጨፍን ይበልጥ ታየኝ።

«አባዬ፣ እዚህ መስቀል አለ።»

«የቱ ጋ?»

«እግሬ ሥር።»

«ታዲያ ውረጂለት እንጂ» አለ ብድግ ብሎ። እኔም መስቀል መርገጤ ያን ጊዜ ገብቶኝ አንድ እግሬን አንስቼ ቀረሁ፤ ሌላውን የት ላሳርፈው?

ሚስስ ፔጅ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው አበባ። ያዩት ነገር ይህ ነው፤ ባዶ እግራቸውን ተንበርክከው ምንጣፉን የሚዳብሱ ሁለት ወንዶችና እንደ ሽመላ በአንድ እግሯ የቆመች ልጅ። ደህና ናችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። ጋሽ ታደሰ በጥሩ እንግሊዝኛቸው ማን እንደሆንን፣ እኔም በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ እግሬ ሥር ምን እንዳለ ነገርናቸው። ሚስስ ፔጅ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወለል ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም፣ ይህን ምንጣፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠርጌዋለሁ አሉ።

«በጫማ?» አልኳቸው።

ሳስበው ድፍረት ነበር። ሚስስ ፔጅ እግሬን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ጫማ አዩ። ባልዲውን አስቀመጡ።

ምንጣፉን ለአራት ጠቀለልነው። አቧራ፣ የደረቀ ጥንዚዛ፣ አንድ የእንቁ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ከራሱ ሰፋ ብሎ ወደ ግርጌው የሚጠብ የመቃብር ክዳን ነው። ክብ ውስጥ ያለ መስቀል፣ ረጅም ዘንግ፣ ከሥሩ ደረጃ። ስም የለውም፤ ስም ሳይጽፉ በመስቀል ብቻ የሚቀብሩበት ዘመን ነበር። ሚስስ ፔጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የባለቤታቸው እናት፣ ከወለሉ አንድ ቦታ ላይ የቄስ ድንጋይ አለ፣ ልጅ ሆኜ ስዘልበት ነበር ይሉ እንደነበር ነገሩን። ማንም ቦታውን አያውቅም፤ የአሮጊት ወሬ ነው ተብሎ ተተወ። «አላመንኳቸውም ነበር» አሉ ሚስስ ፔጅ። ሁለት ጊዜ አሉት።

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ድንጋዩን ሣልኩት፣ በእግሬም ለካሁት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘጠኝ እግሬ። ያ ገጽ ኢንተርኔት ላይ አልነበረም። «አራት» አለ አባዬ፤ ድምፁ ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ተሰናብተን ወጣን። የድንጋዩ መቀመጫ ባዶ ነው። ካርቶን የለም፣ ከረጢት የለም፣ ጫማ የለም። የተለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል፤ አሁን ተረጋግቼ አነበብኩት። ለነገው የበጎ አድራጎት ሽያጭ የምትሰጡትን ልብስና ጫማ እዚህ አኑሩ ይላል። እኛም አኑረናል፣ ያውም አሰልፈን።

አባዬ ባዶ እግሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ጋሽ ታደሰ ግን ቀስ ብለው፣ «ሙሴም ጫማህን አውልቅ ተባለ እንጂ አይወሰድብህም አልተባለም» አሉ። አባዬ መሳቅ አልፈለገም፤ አመለጠው። ሚስስ ፔጅ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ስልካቸውን ፈለጉ። የወሰደው ጎረቤታቸው ነው፤ ሽያጩ የሚደረግበት ከተማ ደርሷል፣ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሃያ ደቂቃ የለንም። ያለ ጫማም መሄድ አንችልም። ስለዚህ ተቀመጥን፤ እኔም ጭምር። እግራችንን ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አንስተን፣ ድፎውን ፈትተን ቆርሰን ከሚስስ ፔጅ ጋር በላን። ጥቁሩ ፍሬ ምንድን ነው አሉ፤ ሁለተኛ ቁራሽ ወሰዱ። ዝናቡ እንደገና መጣ። ከጣሪያው ጠርዝ ሲንጠባጠብ፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰው እዚህ ተቀምጦ ዝናብ እንዳሳለፈ አሰብኩ።

ጎረቤቱ ፊቱ ቀልቶ ደረሰ። የአባዬንና የኔን ጫማ ከካርቶን አወጣ። የጋሽ ታደሰን ከሌላ ጥቁር ከረጢት ነው የጎተተው፤ አይሸጥም ተብሎ ወደ ቆሻሻ ሊሄድ የተለየ ከረጢት። ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ጠዋት ራሳቸው የጠረጉት፣ ሁለት ጊዜ ሶል የተቀየረለት ጥቁር ቆዳ ነው። «የናንተ ለሽያጭ፣ የኔ ለቆሻሻ» አሉ። እስከ ወደቡ ድረስ ጫማቸውን በመሐረባቸው ሲወለውሉ ሄዱ። የደረስነው አርፍደን ነው፤ መርከቡ ግን በዝናቡ ዘግይቶ በሩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ወረፋው ላይ ከኋላችን የነበረው አንድ መኪና ብቻ ነው።

ማክሰኞ የእማዬን ቡናማ ብርድ ልብስ ይዤ ክፍል ገባሁ። ወፍራም ገመድ በመስቀሉ ቅርጽ ወለሉ ላይ አጣበቅሁ፣ ብርድ ልብሱን አለበስኩት፣ ከዚያ ሁሉም ጫማውን አውልቆ እንዲሄድበት ጠየቅሁ። ሳቁ፤ ስለ ካልሲ ሽታ የተባለውን አልጽፈውም። ቀድመው ያወለቁት መምህሬ ናቸው። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ የመቆማቸውን ምክንያት አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላስታውስም። የተፈቀደልኝን ደቂቃ በእጥፍ አለፍኩ፤ ለዚያም ነው፣ እዚህ አገር ትልቁ ውጤት አንድ ነውና፣ ሁለት ሳይሆን ሁለት ከመቀነስ ምልክት ጋር የተሰጠኝ። ክፍሌን አለፍኩ። በሰኔ አባዬ ደብዳቤውን ከፍሪጁ በር አንስቶ፣ በዚያው ማግኔት ከደብተሬ የቀደደውን ሥዕል ለጠፈው። ስለዚህም ጉዳይ ምንም አልተናገረም። ዝምታ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ሥዕሉ እስካሁን እዚያው ነው፤ ጠርዙ በቅባት ወዝቷል። ከሚስስ ፔጅ ጋር እንጻጻፋለን። ምንጣፉን ከድንጋዩ ላይ ቆርጠው አንስተውለታል። የአክስቴ ልጅና ጓደኞቿ እሁድ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው ዊክልተን መምጣት ሲጀምሩ፣ በፊደላችሁ ጻፊልን ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አንዱን ገጽ ስድስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ጋሽ ታደሰ ስድስት ጊዜ አቀሉት። አሁን እንኳ ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ኮሪደሩን ዞሬ ተመልሻለሁ። ድሮ ይህ እግሬ ጉድለቴ ይመስለኝ ነበር። የተቀመጠች ልጅ ብሆን ግን ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ ከምንጣፍ ሥር ነበር፤ እኔም ከሌላ ምንጣፍ ሥር።

እንግዲህ በዚያ በኩል ካለፋችሁ ግቡ። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ የብረት ቀለበቱን ወደ ቀኝ አዙሩት። የአማርኛውን ወረቀት ውሰዱ፤ ካለቀ ለሚስስ ፔጅ ንገሯቸው፣ እልካለሁ። ከጥምቀቱ ገንዳ ተነስታችሁ በሰሜኑ መተላለፊያ ሂዱ፣ ከድንጋዩ ጎን ተንበርከኩና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ፈልጉት። በባዶ እግር መግባታችሁን ማንም አይቃወምም፤ ለምደውናል። ጫማችሁን ግን በረንዳው ላይ አትተዉት፤ በተለይ አሮጌ ከሆነ ይዛችሁት ግቡ።